ጨው ሳይቀመስ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ስለ ገና ላወራችሁ ነው።

የላሊበላውን ገና ሌላ ሰው ይተርክላችሁ። ነጭ የለበሰው ምእመን ከየአገሩ በእግሩ ተጉዞ የሚጥለቀለቅበትን፣ ካህናቱ በቤተ ማርያም ከገደሉ አፋፍና ከግርጌው ሆነው ቤዛ ኩሉን የሚቀባበሉበትን፣ ያንን አይቶ የመጣ ሰው ሲያወራው ጆሮ አይጠግበውም። ንጉሥ ላሊበላም የተወለደው በዚሁ በገና ቀን ነው ይባላልና የላስታ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ልደት ያከብራል። የእኔ ትረካ የሚውለው ግን ከዚያ በጣም በምታንስ ቦታ ነው። አንዲት የጭቃ ቤት፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ድስት። አገሩ ደብረ ብርሃን።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የቆረቆሯት ከተማ ናት፤ ስሟም በዚያ ዘመን ሰማይ ላይ ታየ ከተባለው ብርሃን የመጣ ነው። ሰው ግን ደብረ ብርሃን ሲሉት አስቀድሞ ትዝ የሚለው ብርዷ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት ያለችው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ጥርት ይላል፤ ደመና የሚባል የለም። ጠዋት በር ስትከፍት ሜዳው ነጭ ሆኖ ይጠብቅሃል፤ ውርጭ ነው። ደህና ያመሸ የባቄላ ማሳ ጠቁሮ ያድራል። ገና የሚመጣብን በዚህ ብርድ መሐል ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

ገና ደግሞ ዱብ የሚል በዓል አይደለም፤ በጾም ነው የሚመጣ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ሳምንት አለፍ እስኪል ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም። ነቢያቱ «ይወርዳል፣ ይወለዳል» እያሉ የጠበቁትን እኛም እንድንጠብቅ ነው የታዘዝነው። አያቴ ይህን ሲያስረዱን ረጅም ስብከት አያበዙም ነበር። «ነቢያቱ ዓይናቸው ጠበቀ፤ እናንተ ደግሞ ሆዳችሁ ይጠብቅ» ይሉናል፤ ከዚያ ሽሯችን ይቀርባል።

እኛ ቤት አንዲት ላም ነበረች። ጾም ነው ብላ ወተቷን አታቋርጥም። እናቴ ጠዋት ማታ ታልባለች፤ ወተቱ ይረጋል፤ በየሦስት በየአራት ቀኑ ይናጣል። እኛ ልጆች ቅሉን ይዘን ወዲህ ወዲያ ስንንጥ ሽታው ፊታችን ላይ ይመጣል፤ ጣታችንን ግን አንልስም። የወጣው ቅቤ ሌላ ቅል ውስጥ ይገባና ከጓዳ ይሰቀላል። ቅሉ በየሳምንቱ እየከበደ ሲሄድ እናያለን። የገናን መቅረብ በዚያ ቅል እናውቀው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አያቴ የሚቆጥሩት በሰንበት ነው። ከገና በፊት ያሉት ሦስቱ እሑዶች ስም አላቸው፤ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። ስብከት ሲደርስ «በይ እንግዲህ» ይሏታል እናቴን፤ ጌሾው ይወቀጣል ማለት ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል፤ ከዚያ ወይራ ይጤስና አፉ በጢሱ ላይ ይደፋል። የጠላ ጋን በወይራ የታጠነ እንደሆነ ቤቱ በሙሉ ይታጠናል፤ ብርድ ልብሳችን ሳይቀር ወይራ ወይራ ይላል። ጌሾውና ብቅሉ በውሃ ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ሲደርስ ቂጣው ተቆራርሶ ይገባል፤ አሻሮው ተፈጭቶ ይታከልና ድፍድፍ ይሆናል፤ በመጨረሻ ውሃው ይሞላበትና አፉ ይመረጋል። ብርዱ ስለሚያዘገየው እናቴ ጋኑን ወደ ምድጃው ታስጠጋና በአሮጌ ጋቢ ትጠቀልለዋለች። ሌሊት ሌሊት እየተነሣች ጆሮዋን ጋኑ ላይ ትለጥፋለች። ትር ትር የሚል ድምፅ ከሰማች ተመልሳ ትተኛለች።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ገና ታኅሣሥ 29 ነው እንላለን እንጂ በየአራት ዓመቱ 28 ላይ የሚውልበት ጊዜ አለ፤ በዘመነ ዮሐንስ። ምክንያቱ ጳጉሜን ናት። ጌታ የተፀነሰው መጋቢት 29 ነው፤ ከዚያ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ሲቆጠር ታኅሣሥ 29 ይደርሳል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ግን ያቺ አንድ ቀን ገብታ ቆጠራው አንድ ቀን ቀድሞ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ልደት 28 ይሆናል። አያቴ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ነበሩ፤ ይህን ሒሳብ ግን በጣታቸው መገጣጠሚያ እየቆጠሩ ያወጡታል። «እናት ወሯን ጠብቃ ነው የምትወልደው፤ ቀን አይጨመርባትም» ነበር የሚሉት። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከመጽሐፍም አላገኘሁም።

አሁን ወደ ጋድ እንምጣ። ጋድ የገና ዋዜማ ነው፤ ይጾማል። ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ ይበላልና ጋዱ የዚያ ምትክ ነው ይላሉ አባቶች። ቤት ውስጥ ሥራው የሚበረታው ግን በዚሁ ቀን ነው። ሴቶቹ ሽንኩርት ይዘው ይቀመጣሉ። ሰፈሩ በሙሉ ያለቅሳል፤ ከየቤቱ የምትሰማው የመክተፊያ ድምፅ ነው። አባቴ ወደ ማታ ዶሮዎቹን በስመ አብ ብሎ ይባርካል። እኔ ውሃ አቀብላለሁ። በፈላ ውሃ ተነክራ ላባዋ ይነጫል፤ በነበልባል ለብለብ ትደረጋለች፤ ከዚያ እናቴ ትቀበለዋለች። ዶሮ ማገጣጠል ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ፤ አሥራ ሁለት ብልት ሆና መውጣት አለባት፤ አንዷም መሰበር የለባትም። እህቴን ያስተማረቻት በዚህ ነው። ቢላዋውን ትሰጣትና «አጥንቱን አትምቺው፤ መገጣጠሚያውን ፈልጊው» ትላታለች። ብልቱ በሎሚና በጨው ታሽቶ ይታጠባል፤ ውሃው ኩልል ብሎ እስኪወርድ ደግሞ ይታጠባል፤ ደግሞ።

ከዚያ ሽንኩርቱ ተጣደ። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ነውና።

ገና የሚቀደሰው በሌሊት ነው። ማኅሌቱ ከምሽት ይቆማል፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ይሆናል፤ ጾም የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የዶሮው ወጥ የሚሠራው በጾም ሰዓት ነው። የምትሠራው ሴት አትቀምስም። ይህን ነገር አስቡት። የዓመቱ ትልቁ ወጥ፣ ዘመድ ጎረቤት የሚቀርብበት፣ ስሟ የሚነሣበትና የሚወድቅበት ወጥ፣ ጨዉ ሳይቀመስ፣ በርበሬው ሳይቀመስ፣ ሌሊቱን በሙሉ በእጅና በአፍንጫ ብቻ ይሠራል።

አንድ ዓመት ጉንፋን ይዞኝ ቤት ቀረሁ። አባቴና እህቴ፣ ጎረቤቶቹም፣ ነጠላና ጋቢያቸውን ተከናንበው ጧፋቸውን ይዘው ወደ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። አያቴ ጉልበታቸው አልችል ብሎ መሄድ ካቆሙ ቆይተዋል። እናቴ ከድስቱ ጋር ናት። ሦስታችን ቀረን። በሩ ሲዘጋ ቀረብኝ ብዬ ሆዴ ባባ። ከበሮውን አልሰማ፣ ጸናጽሉን አልሰማ፣ ጓደኞቼ ጧፍ ይዘው ሲዞሩ እኔ ምድጃ ዳር። አያቴ አዩኝና ጋቢያቸውን ከፈት አድርገው ከጎናቸው አስገቡኝ።

እናቴ ሽንኩርቱን በደረቁ ነው የምታቁላላው። ዘይት አይገባም፤ ሽንኩርቱ በራሱ ውሃ ይበስላል። ማማሰያዋን ከእጇ አትለይም። ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ ታደርግበታለች፤ ይንጫጫል፤ ደግሞ ታማስላለች። መጀመሪያ ነጭ ነበር፤ ቀላ፤ ጠየም እያለ ሄደ፤ በመጨረሻ ሽንኩርትነቱ ጠፍቶ ቁሌት ሆነ። ያን ጊዜ በርበሬው ወረደ። ሦስታችንም አስነጠሰን። እሳቱን ቀነስ አደረገችና ኩበት ጨመረች፤ እንጨት ይቸኩላል፣ ኩበት ይታገሣል ትላለች። ሰዓት አይታ አታውቅም። የምትቆጥረው በጸሎት ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ውዳሴ ማርያሟ ሲያልቅ ውሃ ጠብ ታደርጋለች።

ቅሉ ከጓዳ ወረደ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሲከብድ ያየነው ቅል ነው። ቅቤው ተነጥሮ ከኮሰረቱና ከኮረሪማው ጋር ሲገባ የሸተተው ሽታ እስካሁን ይሸተኛል። እኔ ምራቄን ዋጥኩ፤ አያቴ ሳቁ። «አይዞህ፤ ሙሴም አርባ ቀን ነው የጾመ» አሉኝ።

ጨው ሲመጣ እናቴ ዝም አለች። ከዋንጫው ወደ መዳፏ ዘረገፈች፤ መዳፏን ወደ ብርሃኑ አዞረች፤ በአውራ ጣቷ ከፈል አደረገችና ግማሹን መለሰች። ቀሪውን ድስቱ ላይ በመስቀል ምልክት በተነችው። ከዚያ እንፋሎቱ ላይ ፊቷን ዘንበል አድርጋ ዓይኗን ጨፍና አሸተተች። ማማሰያውን ለአያቴ ዘረጋችላቸው። አያቴም አሸተቱ። ሁለቱም ተያዩ። «ትንሽ» አሉ አያቴ። እናቴ ጣቷን ነከር አድርጋ የቀረችውን ጨመረች። በቃ። ከዚያ በኋላ የእግዚአብሔር ፈንታ ነው።

ዶሮው ገብቶ መንተክተክ ሲጀምር አያቴ የልደቱን ታሪክ ያወሩኝ ጀመር። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያ ሌሊት ግን አልሰማሁትም። «ጌታ መጀመሪያ የጠየቀው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ። አላወቅሁም። «ቤት ነው። ዙፋን አልጠየቀም፤ ማደሪያ ነው የጠየቀው። ዮሴፍ በየበሩ ቆመ፤ ቦታ የለም አሉት።» ዝም አሉና «በል በሩን ነካ አድርገህ ና» አሉኝ። ሄጄ የበሩን ብረት ስነካው እጄን አንዘፈዘፈኝ። «እንዲህ ያለ ብርድ ነበር» አሉ። «ሕፃን፣ ለዚያውም አራስ። ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሲተኛ ማን አሞቀው? አህያና ላም። በትንፋሻቸው።» የእኛም ላም በዚያች ሰዓት ከጋጣዋ ሆና ትተነፍስ ነበር፤ እንፋሎቷ በፋኖሱ ብርሃን ይታየኛል። የቤተ ልሔምን ዋሻ ለማሰብ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። እዚያው ነበርኩ።

ከሥላሴ ነፋስ ሲያመጣው የማኅሌቱ ድምፅ እየተቆራረጠ ይደርሰናል። እናቴ ማማሰያዋን ይዛ ቀና ትልና ታዳምጣለች። ቤት የቀረች ሴት ከማኅሌቱ የጎደለች ይመስላት ይሆን ብዬ ዛሬ አስባለሁ። እኔን ከጠየቃችሁ ግን ያች ሴት አልጎደለችም። አልተኛችም፤ አልቀመሰችም፤ ጸሎቷን አላቋረጠችም፤ እየተራበች ለሌላው ደገሰች። ካህኑ በመቅደሱ፣ እሷ በምድጃዋ፣ የዚያን ሌሊት ሁለቱም ቆመው ነው ያደሩት። ይህን ስል ቤተ ክርስቲያን መሄድን ማቃለሌ አይደለም፤ የቻለ ይሂድ፤ እኔም እሄዳለሁ። የምድጃውም ትጋት ይቆጠር ነው የምለው፤ ዓመት ዓመት «ዶሮው ጣፈጠ» ብለን እጃችንን ታጥበን የምንነሣበት ነገር ያሳዝነኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የእግር ኮቴ ተሰማ። በሩ ሲከፈት ብርዱ ቀድሟቸው ገባ። ነጠላቸው ላይ የዕጣን ሽታ አለ። «እንኳን ለጌታችን ልደት በሰላም አደረሳችሁ!» «እንኳን አብሮ አደረሰን!» ተሳሳምን። ቄጠማው ተነስንሷል፤ ድፎ ዳቦው በቅጠል ተጠቅልሎ ከታች ከላይ እሳት ይዞ ሲጋገር አምሽቶ፣ አሁን በሰፌድ ላይ ሆኖ መጣ። አባቴ ቆሞ አቡነ ዘበሰማያት ደገመና በቢላዋ መስቀል ሠርቶ ቆረሰው። የመጀመሪያው ቁራሽ ለአያቴ ሄደ። ከዚያ እንጀራው ላይ ወጡ ፈሰሰ፤ እንቁላሉ ተንከባለለ።

አባቴ እንጀራ ቆረሰ፤ ከወጡ ጠቀለለ። እኔ ወደ እኔ ይመጣል ብዬ አፌን ከፍቻለሁ። አለፈኝ። ለእናቴ አጎረሳት። ማንም ምንም አልበላም፤ ሁላችንም አፏን እናያለን። ሌሊቱን በሙሉ በአፍንጫዋ የሠራችውን ወጥ ያን ጊዜ ነው የቀመሰችው። አላመጠች። ዋጠች። «ኮረሪማው ጠንክሯል» አለች። ዓመት ዓመት አንድ እንከን ታወጣለች፤ ጨዉን ግን አንድም ቀን ስታነሣ አልሰማኋትም። ከዚያ በኋላ ነው እጅ ወደ ገበታው የተዘረጋው። ፈረሰኛው ለአባቴ፣ ለስላሳው ለአያቴ፤ ለእኔ ቅልጥም ደረሰኝ። ጉርሻው ከዚህ ወደዚያ ይሄዳል። አያቴ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ሲያጎርሱኝ ግማሹ ጋቢያቸው ላይ ይወርዳል፤ ማንም አይሥቅም፤ ያቺ ጉርሻ ምርቃት ናት።

ጠዋት ደግሞ ቅርጫ አለ። ጎረቤታሞቹ አዋጥተው የገዙት በሬ ይታረድና ሥጋው በቅጠል ላይ በየመደቡ ይደለደላል። ከሻኛው ለሁሉም፣ ከጎድኑ ለሁሉም፣ ከጉበቱና ከጨጓራው ለሁሉም። ቢላዋ የያዘው ሽማግሌ ወዲህ ቆሞ ያያል፣ ወዲያ ዞሮ ያያል፤ ከአንዱ መደብ ቁራጭ ያነሣና ሌላው ላይ ይጥላል። ከዚያ ዕጣ ነው። አንዱ ጠጠር ይሰጣል፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ቁልፍ። የማን የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ ከሩቅ ይጠራል። ያ ልጅ እኔ የሆንኩበት ጊዜ ነበር። አምሳና ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሰዎች እኔን በጉጉት ሲያዩኝ፣ ዕጣውን በየመደቡ ሳስቀምጥ፣ ከዚያ እያንዳንዱ የደረሰውን ያለ አንድ ቃል ሲያነሣ! ካዋጡት መሐል አቅም ኖሮት የከፈለ አለ፤ በብድር የከፈለ አለ፤ «ለመስቀል ትሰጣለህ» ተብሎ የተተወለትም አለ። በቅጠሉ ላይ ግን ማን የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ከጎረቤቶቻችን አንዷ እስላም ነበሩ፤ ሐጂዬ እንላቸዋለን። ሥጋችንን አይበሉም፣ እኛም የእርሳቸውን አንበላም፤ ይህ በሁለታችንም ወገን የቆየ ልማድ ነው፤ ያስቀየመው ሰው የለም። እናቴ ለእርሳቸው ትንሽ ድፎ ለብቻ ትጋግራለች። ቡናው የሚፈላው እርሳቸው ከመጡ በኋላ ነው። ለአረፋ ደግሞ እርሳቸው ለእኛ በተለየ ዕቃ ዳቦና ማር ያስቀምጡልናል። የገና ቡና ያለ ሐጂዬ ተጠጥቶ አያውቅም።

ሁሉ ዓመት ግን የሞላለት አልነበረም። አባቴ ሥራ አጥቶ የከረመበት አንድ ገና ነበር። ዶሮ አልተገዛም። ቅርጫም አልገባንም። እናቴ ከቤት ዶሮዎቻችን እንቁላል ቀቀለች፤ ሽሮውን በቅቤ አንተከተከችው፤ ድፎውን ጋገረች፤ ጠላው ቀጠን ያለ ነበር። ቄጠማ ግን እኔ ራሴ ከወንዝ አጭጄ አመጣሁ። ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ተሄደ፤ ተመለስን፤ «እንኳን አደረሳችሁ» ተባባልን። አባቴ ዳቦውን ሊቆርስ ሲል እጁ ትንሽ ያዝ አደረገው። አያቴ አዩት። «ቁረስ ልጄ» አሉ። «የጠበቅነው ዶሮ አይደለም፤ የጠበቅነው ተወልዷል።» ቆረሰ። ያ ሽሮ ሲጣፍጥ! ጠዋት በራችን ተንኳኳ፤ ከቅርጫው ጎረቤቶቻችን ከየመደባቸው ቆረስ ቆረስ አድርገው በኮባ ጠቅልለው ልከዋል። ማን ምን ያህል እንደሰጠ አልተነገረንም።

ይህን የማወራው ምክንያት አለኝ። ዛሬ ዶሮ መግዛት ለብዙ ቤት ቀላል አይደለም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ጭንቅ የሚገባው፣ አራጣ ተበድሮ ድስት የሚጥድ አባወራ አውቃለሁ። እባካችሁ፣ ለገና ብላችሁ ዕዳ አትግቡ። ቄጠማ ይነስነስ፤ ዳቦ ይቆረስ፤ ቡና ይፈላ፤ ልጆች የልደቱን ታሪክ ከአያታቸው አፍ ይስሙ። ለእነሱ የሚቀርላቸው እሱ ነው። አምፖል የሚያበራውም ዛፍ፣ ስጦታውም ካለ ይሁን፤ አልቃወምም። አያት ባሉበት ቤት ገናን ለቴሌቪዥን ብቻ መተው ግን ያሳዝነኛል።

ከሰዓት በኋላ ሜዳ ነው። የገና ጨዋታ። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ፣ ሩሯ ከእንጨት የተጠረበች፤ ወዲህ አንድ ሰፈር፣ ወዲያ አንድ ሰፈር። እረኞቹ የልደቱን ዜና ሲሰሙ በበትራቸው ተጫወቱ ይባላል፤ መነሻው እሱ ነው። ባላባት የለ፣ ሎሌ የለ፤ በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም። ሌላ ቀን ቀና ብለን የማናያቸውን አስተማሪያችንን በዱላ ስንጋፋቸው፣ በግጥም ስንሸነቁጣቸው ይሥቃሉ። ቅልጥሙን ያልተመታ ልጅ ገናን አልዋለም። ማታ ሁላችንም እያነከስን እንገባለን።

አያቴ ካረፉ ዓመታት ሆኑ። እናቴ አርጅታለች፤ ድስቱ ግን ከእጇ አልወጣም። እህቴ ያለችው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። እዚያ የእኛ ገና የሥራ ቀን ነው፤ ሐበሻው ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ያነጋና ጠዋት ነጠላውን መኪና ውስጥ አጣጥፎ ሥራ ይገባል። ፈቃድ የሚያገኝ አለ፤ የማያገኝ ይበዛል። በዓረብ አገር በሰው ቤት ያሉት እህቶቻችን ደግሞ ይብስባቸዋል፤ በዓሉን በሰው ማድ ቤት፣ በስልካቸው በለሆሳስ እያወሩ የሚያከብሩ አሉ። በገና ቀን ስልክ ሲጮኽ ቶሎ አንሡ።

ባለፈው ገና ከሰዓት በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ላይ ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ሲጠጣ፣ የሐጂዬ ልጅም ነበረች፣ እህቴ በቫይበር ደወለች። እዚያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ፊቷ እንቅልፍ አጥቷል፤ ግን ትሥቃለች።

«እንኳን አደረሰሽ እማዬ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን የኔ ልጅ። ጾም ፈታሽ?»

«ፈታን። አራት ሆነን። አንዷ የጎንደር ናት፣ አንዷ የአዲግራት፣ አንዷ የአሰላ ልጅ። ትናንት ማታ ከሥራ ገብቼ ሠራሁት።»

«ዶሮ?»

«ዶሮ! አሥራ ሁለቱንም አወጣሁ፤ የፈረንጅ ዶሮ ሥጋው ቢለሰልስም አንድም አልሰበርኩ።»

እናቴ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። «ቀመስሽ እንዴ ስትሠሪው?»

«አልቀመስኩም እማዬ። ቤተ ክርስቲያን ልሄድ አይደል? ጨዉን እንዳንቺ በእጄ አየሁት።»

«እንዴት ወጣ?»

«ትንሽ በዛብኝ መሰለኝ።»

«አይደለም፣ ያንቺ መዳፍ ሰፊ ነው፤ ያባትሽን ነው የወሰድሽ። ከእንግዲህ ግማሹን መልሺ» አለቻት እናቴ። «በይ ድስቱን አሳዪኝ።»

«እማዬ፣ ሥራ ልገባ ነው እኮ፣ ረፈደብኝ።»

«አሳዪኝ!»

እህቴ ስልኩን ይዛ ወደ ምድጃዋ ሄደች። ክዳኑ ተነሣ። እናቴ መነጽሯን ፈለገች፤ እኔ አቀበልኳት። ስልኩን ዘቅዘቅ ቀና አድርጋ መረመረችው፤ ቅቤው ከላይ ተንሳፎ ይታያል፤ ወጡ ጠቁሮ ቀልቷል። ከዚያ ቡና ወደሚጠጡት ሴቶች ዞራ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ኑ እንጂ፣ ኑ እዩልኝ! ቀለሙን እዩልኝ!» ሲኒያቸውን እየያዙ ተነሥተው መጡ፤ በአንዲት ስልክ ላይ ስድስት ራስ ተደፋ፤ እህቴ ከማዶ «እማዬ ረፈደብኝ!» ትላለች፤ የሐጂዬ ልጅ ደግሞ «በሽንኩርቱ አልቸኮለችም፣ ያስታውቃል!» ብላ ትመሰክርላታለች።